የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ልጅ ከዓመታት በኋላ ምን ያጋጥመዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ በ6 ዓመቱ በደም ካንሰር ምክንያት ውጭ አገር ሄደን የስቴም ሴል (ደም የሚያመርት ህዋስ) ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ብዙ ሰው የሚያውቀው «የመቅኔ ንቅለ ተከላ» በሚለው ስሙ ነው። መቅኔውን የሰጠችው ታላቅ እህቱ ናት። ዛሬ 13 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ለማሳከም የተነሡም፣ አሳክመው የተመለሱም ወላጆች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ከልጄ ሐኪሞች የተማርኩትን፣ ያነበብኩትንና በቤቴ ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ። መድኃኒት ለመጀመርም ለማቆምም የልጃችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ንቅለ ተከላው ከተሳካ በቃ አለቀ ማለት አይደለም እንዴ?

እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ሲያልፉ እልል ብለናል። እልልታውም ይገባል። ግን ልጁ ያለፈበትን አስቡት። አዲሱ ህዋስ ከመግባቱ በፊት የራሱን መቅኔ የሚያጠፋ ከባድ ኬሞ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ልጅ ሙሉ ሰውነቱን ጨረር ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሌላ ሰው የመከላከያ ህዋስ በሰውነቱ ውስጥ ይኖራል።

ልጅ ደግሞ ገና እየተሠራ ያለ ሰው ነው። አጥንቱ፣ ጥርሱ፣ አንጎሉ፣ ሆርሞኑ ገና አላለቀም። በዚህ ሰዓት የደረሰ ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል። በ6 ዓመት ልጅ ላይ የጉርምስና ሆርሞን መጎዳቱ በምን ይታወቃል? እድሜው ሲደርስ ነው የሚታየው።

በልጅ ላይ የተሳካ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው። የበሽታ መከላከያ ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን ነበር፤ ለጋሹም እህቱ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በልጅነታቸው ተተክሎላቸው ዛሬ የራሳቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ስለ ኋለኛው ጊዜ ችግር ሐኪሞች የሚያውቁትን ያወቁት እነሱን ለዓመታት ተከታትለው ነው።

ሁሉም ልጅ ላይ ችግር ይመጣል?

አብዛኞቹ ላይ ቢያንስ አንድ ነገር ይገኛል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ከባድ ነው ማለት አይደለም። በቀን አንድ ክኒን የሚስተካከል አለ፤ መነጽር ብቻ የሚፈልግም አለ።

ልዩነቱን የሚያመጡት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ልጁ ሲተከልለት ስንት ዓመቱ ነበር? ጨረር ወስዷል? ምን ያህል? ከዚያ በፊት ምን ያህል ኬሞ ወስዶ ነበር? ለጋሹ ማን ነው? ለምሳሌ መቅኔው ደም ማምረት ስላቆመ (አፕላስቲክ አኒሚያ) ከወንድም ወይም ከእህት የተተከለለት ልጅ ብዙ ጊዜ ጨረር አያስፈልገውም። የሚወስደው ኬሞም ቀለል ይላል። በደም ካንሰር ከታመመው ልጅ ጋር አንድ ላይ አይመዘንም። የራሱ ህዋስ ተወስዶ የተመለሰለት ልጅ ደግሞ የለጋሽ ህዋስ አያጠቃውም፤ የኬሞው ጉዳት ግን አይቀርለትም። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ የሆነውን ሰምታችሁ አትደንግጡ፣ አትዘናጉም።

ከሆስፒታል ስንወጣ ምን ወረቀት መያዝ አለብን?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን ማንም ሲደውልልኝ መጀመሪያ የማነሣው ይህንን ነው።

እኛ ስንሸኝ ሁለት ገጽ ወረቀት ተሰጠን። «ኬሞና ጨረር ወስዷል» ይላል። ምን ዓይነት ኬሞ? ስንት? ጨረሩስ የት ላይ፣ ምን ያህል? የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚህ ያለው ሐኪም ያንን ሲጠይቀኝ አፌ ተሳሰረ። ኢሜይል ጽፌ፣ ደውዬ፣ ሰው ልኬ ወረቀቱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ።

እናንተ ሳትወጡ ጠይቁ። የበሽታው ስም፣ የተተከለበት ቀን፣ ለጋሹ ማን እንደሆነና ምን ያህል እንደገጠመ፣ ህዋሱ ከመቅኔ፣ ከደም ወይም ከእትብት ደም መወሰዱ ይጻፍ። የእያንዳንዱ ኬሞ ስምና ጠቅላላ መጠን ይኑር። የጨረሩ መጠን በ«ግሬይ» ይጻፍ፤ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተነካም አይቅር። ስቴሮይድ (መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት) ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ፣ ስንት ከረጢት ደም እንደተሰጠው፣ የትኞቹ ክትባቶች እንደተደገሙለት ይካተት።

ወረቀቱ በቱርክኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነ እዚያው እያላችሁ በእንግሊዝኛ አስጽፉት። ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይም፣ ኢሜይላችሁ ላይም አስቀምጡ። ልጁ 30 ዓመት ሲሞላው የሚያክመው ሐኪም ዛሬ ገና ተማሪ ሊሆን ይችላል። ያ ሐኪም የሚያነበው ይህንን ወረቀት ነው።

«ጂቪኤችዲ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

የለጋሹ የመከላከያ ህዋስ የልጁን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው አንድ ዓይነት ነው። ሥር የሰደደው ግን ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል። ቆዳ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ መልኩ ይቀየራል። አፍ ይቆስላል፣ በርበሬ ያቃጥላል። ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። መገጣጠሚያ ይያያዛል። ጉበትም ይነካል።

በጣም የሚያስፈራው ሳንባን ሲይዝ ነው። ትንንሾቹ የአየር መንገዶች ይጠባሉ፤ የጠበበው ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። ልጁ «ደከመኝ» ይላል እንጂ መጀመሪያ ላይ ላያስል ይችላል። ደረጃ ሲወጣ ከጓደኞቹ ኋላ መቅረት ከጀመረ ቶሎ ንገሩ። ትንፋሹን በመሣሪያ እያስነፈሱ የሚለኩበት ምርመራ ከምልክቱ ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል።

በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ያነሰ ነው የሚታየው። ከመቅኔ ይልቅ ከደም በተሰበሰበ ህዋስ ሲተከል ይበዛል። ዋናው መድኃኒት ስቴሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ስቴሮይድ ላልበቃቸው ሌሎች መድኃኒቶች በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ ከ12 ዓመት በላይ ላሉ የሚሰጠው ሩክሶሊቲኒብ አንዱ ነው። ስቴሮይድን በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙ። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስላቆመ ልጁ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል።

ልጄ አያድግም። ምን ይሁን?

የእኔን ልንገራችሁ። መስከረም ላይ የልጄን ዩኒፎርም እንደማንኛውም እናት ሰፋ አድርጌ ገዛሁ። በሚቀጥለው መስከረም ሳለብሰው አሁንም ሰፊ ነው። ሱሪው ጫፉ ላይ የተጠቀለለው እንደተጠቀለለ ነው። «ጎበዝ፣ ልብስ አያስጨርስም» ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያመኛል። ልብሱ ምልክት እየሰጠኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ይበርደው ነበር። ሆዱ ይደርቃል። ከትምህርት ቤት መጥቶ ሶፋ ላይ ይተኛል። እኛ «ከበሽታው አልተነሣም» እንላለን። አንዲት ሐኪም የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) የደም ምርመራ አዘዘችለት፤ ዕጢው ደክሟል። ጨረር የወሰዱ ልጆች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አሁን ጠዋት በባዶ ሆዱ አንድ ክኒን ይውጣል። የብረት ወይም የካልሲየም መድኃኒት ከዚህ ክኒን የ4 ሰዓት ልዩነት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ አብሮ አይሠራም። በጥቂት ወራት ውስጥ ሱሪው አጠረ።

ሁሌም ግን ታይሮይድ ብቻ አይደለም። ጨረር የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨውን ክፍል ይጎዳል፤ የጀርባ አጥንትንም ራሱን ያቀጭጫል። ስቴሮይድ ቁመትን ይይዛል። ስለዚህ ቁመቱን በየስድስት ወሩ ለኩ፣ ቀኑን ጻፉ። እኛ በር መቃን ላይ በእርሳስ እናሰምራለን። የእድገት ሆርሞን መርፌ ለማን እንደሚሰጥ የሆርሞን ሐኪም ነው የሚወስነው። ካንሰር የነበረበት ልጅ ከሆነ ጥቅሙንና ስጋቱን መመዘን ስላለበት አይቸኩሉም።

ወደፊት ልጅ መውለድ ይችላል? ትችላለች?

ብዙ ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ከባድ ኬሞ፣ በተለይ ቡሰልፋን የሚባለው፣ እንዲሁም ሙሉ ሰውነት ጨረር የዘር ህዋስን ክፉኛ ይጎዳሉ። ሴቶች ልጆች ላይ እንቁላሉም ሆርሞኑም አብሮ ስለሚጎዳ የወር አበባ ላይመጣ ወይም ቶሎ ሊቆም ይችላል። ሆርሞን በመድኃኒት ይተካል። ይህን ችላ አትበሉ፤ ሆርሞኑ ለአጥንትና ለልብም ያስፈልጋል። ወንዶች ልጆች ብዙ ጊዜ ጉርምስናቸው በራሱ ይመጣል፤ ድምፃቸውም ይጎረንናል። የወንድ ዘሩ ግን ላይኖር ይችላል። መልኩን አይታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ።

ገና ያልተተከለለት ልጅ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ከኬሞው በፊት ጠይቁ። ለጎረመሰ ልጅ ዘሩን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ይቻላል። ላልደረሰች ልጅ የእንቁላል ማመንጫዋ ተወስዶ ይቀዘቅዛል። በታላሴሚያ (በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) የታመመች አንዲት የዱባይ ልጅ ገና ሳትደርስ እንግሊዝ አገር ይህ ተደርጎላት ነበር። ካደገች በኋላ መልሰው ተከሉላት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች።

የእኔ ልጅ 6 ዓመቱ ስለነበር ሊቀመጥለት የሚችል ዘር አልነበረም። አምና ታክሲ ውስጥ እያለን «እማ፣ እኔ አባት እሆናለሁ?» አለኝ። ሰው ይሰማናል ብዬ ደነገጥኩ። ቤት ገብተን ቁጭ ብለን እውነቱን ነገርኩት፤ ሲያድግ እንደሚመረመር፣ ሐኪሙን ራሱ መጠየቅ እንደሚችል። ትንሽ ዝም አለና «እሺ» ብሎ ወደ ኳሱ ሄደ።

ጨረሩ ይህን ያህል የሚጎዳ ከሆነ ለምን ይሰጣሉ?

ምክንያቱም አንዳንዱን የደም ካንሰር ከኬሞ በተሻለ ይመታል። በብዙ አገሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ «ፎረም» የተባለ ጥናት አለ። ሊምፎብላስቲክ የሚባለው የደም ካንሰር ያለባቸውን፣ ከ4 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ነው ያወዳደረው። ጨረር ከወሰዱት ውስጥ ከ2 ዓመት በኋላ 91 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በጨረር ፋንታ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ግን 75 በመቶው ናቸው። ልዩነቱ ስለሰፋ ጥናቱ ልጆችን በዕጣ ወደ ሁለቱ ወገን መመደቡን ከታሰበው ቀድሞ አቆመ። ለሌላ በሽታና ለትንንሾቹ ሕፃናት ግን ሐኪሞች ጨረርን በተቻለ መጠን ይሸሻሉ። «ባላስነካው ኖሮ» እያላችሁ ራሳችሁን የምትቀጡ ወላጆች ይህንን እወቁት።

ክትባቱን በሕፃንነቱ ጨርሷል። እንደገና ያስፈልገዋል?

አዎ። የድሮው መቅኔ ሲጠፋ የክትባቱ ትዝታም አብሮ ይጠፋል። ልጁ እንደ አዲስ የተወለደ ነው የሚቆጠረው። ሕያው ያልሆኑት ክትባቶች ብዙ ጊዜ ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ ይደገማሉ፤ አንዳንዶቹም ቀደም ብለው ይጀመራሉ። ኩፍኝንና ጉድፍን የመሳሰሉ ሕያው ክትባቶች ግን ቢያንስ 2 ዓመት ይጠበቅላቸዋል። ያኔም መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት ካቆመና ጂቪኤችዲ ከሌለበት ብቻ ነው። ቢጫ ወባም ሕያው ነው፤ ለጉዞ ሲጠየቅ ዝም ብላችሁ አታስወጉ።

አሁን ለአገር ቤት ሰዎች። የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ ልጆቹ ደጃፍ ላይ ጠብታውን ይወስዳሉ፣ ጣታቸው ላይ ቀለም ይደረጋል። ሠራተኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ የልጃችሁን ታሪክ ግን አያውቁም። የአፍ ጠብታው ሕያው ክትባት ነው። ለተተከለለት ልጅ አይሰጥም። መከላከያው እስኪመለስ ድረስ በአንድ ቤት ለሚኖሩ ታናናሾቹም በጠብታው ፋንታ በመርፌ የሚሰጠው ይመረጣል። እኔ ለቤት ሠራተኛችንም ለጎረቤትም ነግሬ ነበር፤ ከሐኪም የተጻፈች ወረቀትም በሩ አጠገብ ነበረች።

ጉድፍ ወይም ኩፍኝ ከያዘው ልጅ ጋር ከዋለ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ። አልማዝ ባለጭራም በእነዚህ ልጆች ላይ ይበዛል። በአንድ ወገን ብቻ የሚያቃጥል ሽፍታ ካያችሁ ቅጠል ከመለጠፍ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ሌላ ካንሰር ይመጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሌላው ሰው ይልቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ ዓመታት በሄዱ ቁጥርም አይቀንስም። ጨረር የወሰዱ ላይ የታይሮይድ፣ የቆዳ፣ የጡትና የአንጎል ይታያል። ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ የነበረባቸው ላይ ደግሞ የአፍና የቆዳ። ሙሉ ሰውነታቸው ወይም ደረታቸው ጨረር የወሰዱ ሴቶች የጡት ምርመራቸው በ25 ዓመታቸው ወይም ከጨረሩ 8 ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ በሚመጣው ይጀመራል። ሌላው ሰው እስኪጀምር አይጠበቅም።

ልትሠሩት የምትችሉት ነገር አለ። ፀሐይን ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ደመና ሲሆንም ትበረታለች፤ ጂቪኤችዲንም ቆዳ ላይ ትቀሰቅሳለች። ኮፍያ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ የፀሐይ ክሬም። የማኅፀን ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት ለሴትም ለወንድም ልጅ ጠይቁ። ሲጋራና ሺሻ ቤት ውስጥ አይጨስ።

ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ አጥንቱስ?

ከ6 ዓመት በታች የተተከለለት ልጅ ቋሚ ጥርሱ ሥሩ ሊያጥር፣ ሊያንስ ወይም ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ከማሠራታችሁ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ታሪኩን ንገሩት፤ ሥሩ አጭር የሆነ ጥርስ ሲጎተት ይነቃነቃል። ዓይን ላይ ሞራ ሊወጣ ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ስቴሮይድ ብዙ የወሰደ ጎረምሳ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን አመመኝ ካለ «ኳስ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ደም ያጣ አጥንት ሊሆን ስለሚችል ኤምአርአይ ይጠይቃል።

ብረትም አለ። እያንዳንዱ የተሰጠው ደም ብረት ይዞ ይገባል። ሰውነት ደግሞ ትርፍ ብረት ማስወጫ የለውም፤ ጉበትና ልብ ውስጥ ይከማቻል። ልጁ ገርጣ ብሎ አያት «ደም እንዲሆነው» የብረት ሽሮፕ ገዝተው ሲመጡ አመስግናችሁ አስቀምጡት። መጀመሪያ የፌሪቲን (የተከማቸ ብረትን የሚያሳይ የደም) ምርመራ ይደረግ። አንዳንዱ ልጅ ጭራሽ በየጊዜው ከእሱ ደም እየተቀዳ ነው ብረቱ የሚቀንሰው።

ምግብ፣ ጸበል፣ የባህል መድኃኒት?

መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት እየወሰደ እስካለ ድረስ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ይቅርበት። ውሃው የፈላ ይሁን። ጸበልን በተመለከተ እኔም አማኝ ነኝ፤ ልጄን ይዤ ሄጃለሁ። በዚያ ጊዜ ግን የምንጭ ውሃ አላጠጣሁትም፣ ግፊያ ውስጥም አላስገባሁትም። ለካህኑ ስነግራቸው ጸሎት አድርገውለት፣ በመስቀል ባርከው ሸኙን።

የባህል መድኃኒት መከላከያን ከሚያደክሙት ከሳይክሎስፖሪን ወይም ከታክሮሊመስ ጋር ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። የሆስፒታል መድኃኒትም ቢሆን ከእነሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን የሁለቱንም መጠን ደም ውስጥ በጣም ያወርዳል፤ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ፋርማሲ በሄዳችሁ ቁጥር የሚወስደውን ሁሉ ንገሩ።

ትምህርት ላይ ለምን ይቸገራል?

በጣም በትንሽነታቸው ጨረር የወሰዱ ልጆች ትኩረታቸው ይበተናል፤ ለመጻፍና ለማስላት ጊዜ ይወስዳሉ። ስንፍና አይደለም። የልጄን መምህር አነጋግሬ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው፣ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ተስማማን። አንዳንድ ኬሞ ጆሮንም ስለሚጎዳ መስማቱንም አስመርምሩ።

በየዓመቱ ምን ይታይ? መቼስ እንሩጥ?

ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የደም ስብ፣ ኩላሊትና ጉበት በየዓመቱ። ዓይን፣ ጥርስና ቆዳም እንዲሁ። የሳንባ፣ የልብና የአጥንት ምርመራ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ያለውን መጠን አይቶ ይወስናል። ልጁ ደህና ነው ብላችሁ ቀጠሮ አታሳልፉ፤ የሚያዋጣው ደህና እያለ መታየቱ ነው።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ጨረር ወይም ጂቪኤችዲ ጣፊያን ስለሚያደክም ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊበረታ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። «ንቅለ ተከላ የተደረገለት ነው» የሚለውን ከበሩ ጀምራችሁ ተናገሩ።

መቅኔ የሰጠችው እህቱስ ምን ትሆናለች?

ሰውነቷ የሰጠችውን በሳምንታት ውስጥ ይተካል። የእኔ ልጅ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። መቅኔው የተቀዳበት ዳሌዋ ለጥቂት ቀን አመማት፣ ከዚያ ሮጠች። እኛ የረሳነው ልቧን ነው። ወንድሟ ጂቪኤችዲ ሲይዘው «የእኔ ደም ነው የሚያሳምመው?» ብላ ለብቻዋ ስታለቅስ አገኘኋት። ማንም አላስረዳትም ነበር። የእሷ መቅኔ በሕይወት እንዳኖረው፣ ሕመሙ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ሐኪሙ ራሱ ቁጭ ብሎ እንዲነግራት አደረግን። አሁን ቀጠሮ ስንሄድ አብራን ትገባለች፤ የራሷን ጥያቄ በደብተሯ ጽፋ ነው የምትመጣው።